ለሥጋ የሚያድጉትን ድርጭቶች ከነባሮቹ ጋር ባይቀላቅሉ ይሻላል

ከሰበታ የጠየቁን እኅታችን፣ አዲስ የገዟቸውን ድርጭቶች ከነባሮቹ እንቁላል ጣዮች ጋር እንዴት እንደሚያላምዱና ለሥጋ የሚፈልጓቸውን ምን እንደሚመግቡ ላቀረቡት ጥያቄ፣ ሱሉልታ በሚገኘው ግቢዬ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ። ስለ ቤቱ አሠራርና ስለ ጫጩት ማሞቂያ ሌሎች ስለጻፉልዎ አልደግመውም። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚፈቱት ትርፍ ወንዶቹን ቀድመው ሲለዩ ነው።

1ኛ. አዲሶቹን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ለአንድ ወር፣ የራሳቸው መመገቢያና መጠጫ ባለው ሌላ ክፍል ያቆዩ። ሁልጊዜ ነባሮቹን አስቀድመው ይመግቡ፤ ወደ አዲሶቹ በመጨረሻ ይግቡ። አንጀትን የሚያቆስለው በሽታ ድርጭትን ከሌሎች ወፎች ይልቅ ያጠቃል፤ በኩስ ይተላለፋል፤ ደህና የመሰለችውም ምንም ምልክት ሳታሳይ ሞታ ልትገኝ ትችላለች። ስለዚህ ሻጩ «ጤነኞች ናቸው፣ ዛሬውኑ ቀላቅሏቸው» ቢልዎ አይስሙት። ለእኔም እንዲሁ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ በማለቴም ዛሬ ድረስ ደስ ይለኛል፤ ከዚያው ግዢ ውስጥ ለብቻቸው ሳሉ የሞቱብኝ ነበሩና።

2ኛ. ጊዜው ሲያበቃ መሃላቸው ሽቦ አድርገው ለጥቂት ቀናት ጎን ለጎን ያኑሯቸው። ከዚያም ሲመሽ፣ ለሁለቱም ወገን አዲስ በሆነ ኬጅ ውስጥ አንድ ላይ ያስገቧቸው፤ ሌላ ኬጅ ከሌለዎት የነባሮቹን አጥበው የመመገቢያውንና የመጠጫውን ቦታ ይለውጡ። አንዲትን ድርጭት ለብቻዋ ወደ መንጋ መጨመር ለጭካኔ አሳልፎ መስጠት ነው፤ ጭንቅላቷንና ዓይኗን ይነቁሯታል። ደም ያዩባትን ወዲያው ያውጡ፤ ሌሎቹ ቁስሉን እያዩ ዝም አይሉም። ለአንድ ወንድ ከሦስት እስከ አምስት ሴቶች ይበቃሉ። የኬጁም ከፍታ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሲደነግጡ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ስለሚዘሉ ኬጁ ከዚህ ጥቂት ከፍ ሲል ጭንቅላታቸውን ይፈጠፍጣሉ።

3ኛው መኖ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የደረሰብኝን ልንገርዎ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ድርጭት ከ24 እስከ 28 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ከ20 እስከ 22 በመቶ ይበቃዋል። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 በመቶ ስለሆነ ለሥጋ አይሆንም። እኔም ይህን ስለማውቅ የሥጋ ዶሮ ስታርተር (የጫጩት ማስጀመሪያ መኖ) ብዬ ከፍዬ፣ በጆንያው ላይም እንዲሁ የተጻፈበትን ገዛሁ። ቀደም ሲል የፈለፈልኳቸው በስድስት ሳምንት ለሽያጭ የደረሱ ሲሆን እነዚህ ግን በዚያው ዕድሜ ደረታቸው አጥንት ብቻ ሆነ። መኖውን በእጄ ስዘግነው ጥሬ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ አገኘሁበት፤ ይህ ለእንቁላል ቅርፊት ሲባል ለጣዮች የሚጨመር ነው፤ ሲበዛ የታዳጊ ወፍ ኩላሊት ይጎዳል። ነጋዴው «ጆንያው ሳይከፈት ነው የመጣልኝ» ብሎ ዘጋኝ። ናሙና ይዤ የሄድኩበት የመንግሥት ቢሮ ባለሙያም ከስልኩ ቀና ሳይል «እኛ ዶሮና ከብት እንጂ ወፍ አንሠራም» አለኝ። ግብር የሚከፍል ሰው እንዲህ ሊሸኝ አይገባም ነበር፤ መኖውም ቢሆን ለዶሮ የተዘጋጀ ነበር እኮ!

ከዚያ ወዲህ ራሴ አቀላቅላለሁ፤ እርስዎም ቢሆን በዚህ ቢቆርጡ እመክራለሁ። በቆሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው)፣ የዓሣ ዱቄትና ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) አሉበት። አኩሪ አተሩን በጥሬው አይጠቀሙ፤ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ ያደርጋል። በፋጉሎ ብቻ መተማመንም አይቻልም፤ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። በክረምት የረጠበ በቆሎና ፋጉሎ ይሻግታል፤ የሻጋታው መርዝ ጉበታቸውን ስለሚጎዳ ርካሽ ቢሆን እንኳ ይተዉት። ያደገ ድርጭት በቀን ከ20 እስከ 25 ግራም ይበላል፤ እንደ ሱሉልታ ባለ ብርድ ግን ጨምሮ ይበላልና የታኅሣሥን ሌሊት በሒሳብዎ ያስገቡ።

ወንዶቹን በሦስት ሳምንታቸው ደረታቸውን አይተው ይለዩ፤ የወንዱ ዝገት የመሰለ ቀይ ነው፣ የሴቷ ነጠብጣብ አለው። ትርፍ ወንዶቹን ከነባሮቹ ጋር ሳያገናኙ አንድ ላይ፣ ብርሃኑ ደብዘዝ ባለ ቦታ ያሳድጓቸው፤ ብርሃን ሲያንስ መጣላታቸውም ይቀንሳል። አብረው የተፈለፈሉትን እርስ በርሳቸው አይበታትኗቸው፤ አዲስ ፍልፍልም አይጨምሩባቸው። ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ ይታረዱ፤ ከዚያ ካለፈ መኖ ይበላሉ እንጂ ያን ያህል አይጨምሩም።

ለፋሲካ ሊሸጡ ካሰቡ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እንቁላሉ ለመፈልፈል 17 ወይም 18 ቀን፣ ለማደግ ደግሞ ስድስት ሳምንት ይፈልጋልና ጾሙ ከመግባቱ ሳምንት ያህል ቀደም ብለው መፈልፈያው ውስጥ ያስገቡት። ጾሙ እኩሌታ ላይ የደረሱ ወፎች ገዢ አጥተው መኖ ይጨርሳሉ፤ የሆቴሎቹም ትእዛዝ ይቀንሳል። የወንዶችዎን ብዛትና ዕድሜ እዚሁ ቢጽፉልን መኖውን አብረን እናሰላለን።