የኢንትራንስ ባዮሎጂ፦ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጁ ልጆች የላካችሁልኝን ጥያቄዎች አንብቤያለሁ። አብዛኞቻችሁ ትምህርቱን ታውቁታላችሁ። ነጥብ የምትጥሉት ጥያቄውን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ቾይሱ ላይ ስለምትዘሉ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ማይቶሲስና ሚዮሲስ ሁሌ ይምታቱብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱም የሴል ክፍፍል ዓይነቶች ናቸው፤ የክሮሞዞሙን (የዘር መረጃ የያዘውን ክር) ቁጥር ተከተይ። የሰው የሰውነት ሴል 46 ክሮሞዞም አለው። በማይቶሲስ ሁለት ሴሎች ይወጣሉ፤ ሁለቱም 46 አላቸው። በሚዮሲስ አራት ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው 23 ይይዛሉ። ፈተና ላይ የሚያጠምዱሽ "ቁጥሩ የሚጋመሰው መቼ ነው?" ብለው ነው። በሚዮሲስ አንድ፣ ማለትም በመጀመሪያው ዙር ክፍፍል ነው፤ ጥንድ ክሮሞዞሞች የሚለያዩት እዚያ ነው። በሚዮሲስ ሁለት፣ በሁለተኛው ዙር፣ የሚለያዩት እህት ክሮማቲዶች (የአንድ ክሮሞዞም ሁለት ቅጂዎች) ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕፅዋት ቀን ፎቶሲንተሲስ፣ ማታ ሪስፓይሬሽን ያካሂዳሉ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሪስፓይሬሽን፣ ማለትም ከምግብ ኃይል ማውጣት፣ ቀንም ማታም አይቆምም።

ጥያቄ፦ የሁለቱም ወላጆች ቀለም መደበኛ ነው፤ አንዱ ልጃቸው ግን አልቢኖ ነው። አልቢኖ ያልሆነው ወንድሙ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? እኔ ግማሽ አልኩ፤ የመልስ ወረቀቱ ሁለት ሦስተኛ ይላል።

መልስ፦ ወረቀቱ ልክ ነው። አልቢኖ ልጅ ስለተወለደ ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ናቸው፤ የአልቢኖ ጂን አላቸው፣ ግን አይታይባቸውም። ከእነሱ ለሚወለድ ልጅ አራት እኩል ዕድሎች አሉ። በአንዱ ጂኑ ጭራሽ አይኖረውም፣ በሁለቱ ተሸካሚ ይሆናል፣ በአንዱ አልቢኖ ይሆናል። አሁን ጥያቄውን ደግመህ አንብብ። "አልቢኖ ያልሆነው" ይላል! ስለዚህ አራተኛው ዕድል ከሂሳቡ ወጣ። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው። "ገና የሚወለደው ልጅ" ቢል ኖሮ ያንተ ግማሽ ልክ ነበር። በአንድ ቃል ነጥብ መጣል ያበሽቃል፤ ግን ጎበዙ የሚለየው እንዲህ ባለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ በዲኤንኤ ውስጥ አዴኒን 30 በመቶ ከሆነ ጓኒን ስንት ነው?

መልስ፦ 20። ዲኤንኤ አራት ቤዞች አሉት፤ አዴኒንና ታይሚን እኩል ስለሆኑ አንድ ላይ 60 ይሆናሉ። የቀረው 40 ለጓኒንና ለሳይቶሲን እኩል ይካፈላል። ይህ የሚሠራው ግን ለባለ ሁለት ሰንሰለቱ ዲኤንኤ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የኮሶ ትል ዋና አስተናጋጅ በሬ ነው አይደል?

መልስ፦ ሰው ነው። ትሉ ጎልምሶ እንቁላል የሚጥለው በእኛ አንጀት ውስጥ ነው። በሬው መካከለኛ አስተናጋጅ ነው፤ የትሉ እጭ በጡንቻው ውስጥ ተቀምጦ በጥሬ ሥጋ ወደ እኛ ይመጣል። የቁርጥ ወዳጆች ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጊዜው እያለቀብኝ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አዲስ መጽሐፍ አትክፈት። ያለፉ ፈተናዎችን ሰዓት ይዘህ ሥራ። ከሳትከው ጥያቄ አጠገብ ያሳሳተህን ቃል ጻፍ፤ "በስተቀር" እና "ያልሆነው" ደጋግመው ይመጡብሃል። ጀነቲክስን ደግሞ በዓይን ብቻ አታንብብ፤ በእርሳስ ሥራው።