«እርስዎ ይቅደሙ» የሚል ፕሮግራም

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ፣ ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። ረጅም ቪዲዮ ሬንደር ሳደርግ (ያቀናበርኩትን ወደ አንድ ፋይል ሳስወጣ) ሌላው ሁሉ ይንቀራፈፋል፤ ዎርድ ላይ አንዲት ፊደል ነክቼ እስክትታይ ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል። ጓደኛዬ «ፕራዮሪቲውን (የቅድሚያ ደረጃውን) ሪልታይም አድርጊው፣ ቶሎ ጨርሶ ይገላግልሻል» አለኝ። አደረግኩት። ማውሱ ራሱ ቀጥ አለ! ማጥፊያውን ተጭኜ ዘጋሁት፣ የሦስት ሰዓት ሥራም ገደል ገባ። ምን አጥፍቼ ነው? (ከመገናኛ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ጓደኛሽም ክፉ አላሰበም፣ ግን ነገሩን ገልብጦ ነግሮሻል። ሬንደሩን ዝቅ ማድረግ ነበረብሽ።

ዊንዶውስ ሥራዎችን ከ0 እስከ 31 በደረጃ ያሰልፋል። ኖርማል የሚለው 8 ላይ ነው፣ ሎው 4፣ ሃይ 13፣ ሪልታይም ግን ዘሎ 24 ላይ ጉብ ይላል። ደንቡ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ ላይኛው ሥራ እስካለው ድረስ ታችኛው ተራ አያገኝም። ዊንዶውስ አንዳንዴ ያዝናል፣ ለጥቂት ሰከንድ ተራ ያጣ ሥራ ካየ ለአፍታ ወደ 15 ከፍ አድርጎ ትንሽ ያሠራዋል፤ ግን 15 ለ24 ምኑ ነው? ሬንደር የፕሮሰሰሩን ኮሮች (ሥራ የሚሠሩትን ክፍሎቹን) በሙሉ የሚይዝ ሥራ ስለሆነ፣ ማውስሽን፣ መስኮቶችሽን፣ ታስክ ማናጀሩን ጭምር ከበር አስቀርቶ ብቻውን ገባ። ሪልታይም ለቪዲዮ አይሆንም። ብልጭ ብለው ወዲያው ለሚተኙ አጫጭር ሥራዎች ነው የተሠራው። (በነገራችን ላይ አድሚን ያልሆነ ሰው ሪልታይም ቢመርጥ ዊንዶውስ ትንፍሽ ሳይል ሃይ ላይ ያስቀምጠዋል። ያንቺ ቀጥ ካለ በአድሚን ነበር የገባሽው ማለት ነው።)

አሁን እንዲህ አድርጊ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭነሽ ታስክ ማናጀርን ክፈቺ፣ ዲቴይልስ ግቢ፣ የማቀናበሪያውን ፕሮግራም ስም በማውሱ ቀኝ ጫኚና ሴት ፕራዮሪቲ ውስጥ ቢሎው ኖርማል በዪው። «ታዲያ ሬንደሩ ሊያድር ነው?» እንዳትዪ። ቅድሚያ ትርጉም የሚኖረው ሽሚያ ሲኖር ነው፤ ጠያቂ ከሌለ ዝቅተኛውም ፕሮሰሰሩን ሙሉውን ይወስዳል። አንቺ ደብዳቤ ስትጽፊ የምትወስጂው እፍኝ አይሞላም፣ ስለዚህ ሬንደሩ የሚያልቀው ያው በድሮው ሰዓት ገደማ ነው። ፕሮግራሙን ዘግተሽ ስትከፍቺው ግን ተመልሶ ኖርማል ስለሚሆን፣ በየጊዜው መድገም አለብሽ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ እዪ። ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ ሜሞሪው ጢም ብሎ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ፣ ችግሩ የፕሮሰሰር ወረፋ አይደለም፤ ፕራዮሪቲ ብትነካኪ ብትነካኪ ለውጥ የለውም። ያኔ ክሮምን ዝጊ፣ ወይ ራም ግዢ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሊኑክስ ላይ ናይስን (የፕሮግራም ቅድሚያ የሚወስነውን ቁጥር) ከዜሮ በታች ላደርግ ስል ይከለክለኛል። ከዚያ አንዱን ፕሮግራም 0፣ ሌላውን 19 አድርጌ፣ በሁለት ተርሚናል (ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ከፍቼ፣ ታስክሴት በሚባለው ትእዛዝ አንድ ኮር ላይ አስሬ ብፈትናቸው እኩል ሃምሳ ሃምሳ ተካፈሉ። መምህራችን ዋሸን ወይስ ሊኑክሱ ተበላሸ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህርህን ተዋቸው፣ ትክክል ናቸው። ናይስ ማለት ጨዋነት ነው ብለህ ያዘው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፕሮግራሙ በር ላይ ቆሞ «እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። 19 የጨዋ ጨዋ ነው፣ በመደበኛው የሚሰጠው 0 ነው፣ እስከ ‑20 ድረስ ያለው ደግሞ ገፍትሮ የሚያልፍ ነው። ጨዋ ልሁን ያለን ማንም አይከለክለውም፤ መጋፋት ግን የሩት (የሊኑክሱ አድሚን) ፈቃድ ይጠይቃል። የከለከለህ ለዚህ ነው።

ሊኑክስ ግን እንደ ዊንዶውስ ታችኛውን ጨርሶ አያስርበውም፣ በሚዛን ነው የሚያካፍለው። የናይስ 0 ክብደት 1024 ነው፣ የ5 335፣ የ19 ደግሞ 15 ብቻ። ስለዚህ 0 እና 5 አንድ ኮር ላይ ቢገናኙ ሦስት ለአንድ ገደማ፣ 0 እና 19 ቢገናኙ 98.5 ለ1.5 ይካፈላሉ።

ሃምሳ ሃምሳው ከየት መጣ? ሁለት ተርሚናል ከማለትህ ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ከእትም 2.6.38 (እ.ኤ.አ. 2011) ጀምሮ አውቶግሩፕ የሚባል ነገር አለው። እያንዳንዱን ተርሚናል እንደ አንድ ቤተሰብ ቆጥሮ መጀመሪያ ለቤተሰቦቹ እኩል ያካፍላል፤ ናይስ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ባሉት መካከል ነው። አንተ ደግሞ በየቤቱ አንድ አንድ ልጅ ብቻ አስቀመጥክ። ያ ጨዋ ፕሮግራምህ «ይቅደሙ» የሚለው ሰው አጥቶ ብቻውን ድርሻውን በላ!

ሁለቱንም ከአንድ ተርሚናል፣ ትእዛዛቸው መጨረሻ ላይ የ& ምልክት ጨምረህ ከጀርባ አስነሳቸው። ታስክሴቱን እንዳለ ተወው። ከዚያ ቶፕን (የተርሚናሉን ታስክ ማናጀር በለው) ከፍተህ እይ።