መልስ፦ ከመጠለያ ክልስ ውሻ ወደ ደብረ ብርሃን ሊያመጣ ላሰበው ወንድማችን

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። አዲስ አበባ መጠለያ ያለችውን ቡችላ «ግማሽ ጀርመን ሼፐርድ ናት» ብለውሃል። አንተ ደግሞ ዘሯን በዲኤንኤ ላስመርምር ወይስ ዝም ብዬ ልውሰዳት ነው የምትለው። በዚህ ነገር ኪሴም አንጀቴም የተቃጠለ ሰው ነኝና ስማኝ። ዘሯን ተወውና የክትባት ካርዷን ጠይቅ።

1. ሼፐርድ ሲሉህ አትመን። እዚህ አገር ጆሮው የቆመ ውሻ ሁሉ ሼፐርድ ነው። የእኔዋን ውሻ ዳማንም እንደዚያው ብለው ነው የሰጡኝ። ቤት ስትደርስ ደግሞ የመንዝ ዘመዶቼ ቀይ ፀጉሯንና ነጭ ደረቷን አይተው «ይቺማ የጓሳ ቀይ ቀበሮ ክልስ ናት» ብለው ድርቅ አሉ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ውሻ የጓሳ ቀበሮ ከየት ታገኛለች? ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር መዳቀሉ እውነት ነው፣ ግን በዘር ምርመራ የታየው ባሌ ላይ ነው። ይልቅ ጓሳ አካባቢ ዘመድ ካለህ ውሻውን ያስከትብ። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ከሚጨርሷቸውም ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ምርመራውን እኔ አስደርጌያለሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ዕቃውን በሰው ላከልኝ። ጫፉ ጥጥ የሆነ እንጨት ነው፣ ጉንጯ ውስጥ አሽከርክረህ ቱቦው ውስጥ ትከተዋለህ። ዳማ እንጨቱን ሰብራ ልትውጠው ስትል ከጥርሷ መንጭቄ ነው ያወጣሁት። ውጤቱ መጣ፦ የመንደር ውሻ። ሼፐርድ የሚባል ጠብታ የለባትም! ዘመድ አዝማድ ሳቀብኝ፣ እኔ ግን ኮራሁ። ምክንያቱም የሐበሻ ውሻ ብዙዎች እንደሚመስላቸው የፈረንጅ ዘሮች ተቀላቅለው የወጣ ክልስ አይደለም። ዛሬ የምናውቃቸው አብዛኞቹ የፈረንጅ ዘሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ እየተመረጡ የተለዩ ናቸው። የመንደር ውሻ ከዚያ በፊትም ራሱን ችሎ ይኖር ነበር። ብታስመረምር እንኳ አንድ ነገር እወቅ። ምርመራው የውሻህን ናሙና በመዝገቡ ካሉት ጋር ነው የሚያስተያየው። መዝገቡ ውስጥ የአፍሪካ የመንደር ውሻ ከሌለ፣ የቀረበውን የፈረንጅ ዘር ስም ለጥፎ ይልክልሃል።

2. «ሼፐርድ ከሆነች ጥሩ ጠባቂ ትሆናለች» ያልከውም አያስኬድም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ከ18,000 በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት አለ። በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት በዘር የሚብራራው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ይላል። ሂድና አብረሃት ተቀመጥ። እንግዳ ሲገባ ምን ትላለች? ምግቧን ስትነካባት ታኮርፋለች ወይስ ትናከሳለች? እሱ ነው የሚጠቅምህ።

3. ክትባት። አሁን ወደ ጉዳዬ መጣሁ። ዳማን ሲሰጡኝ አብረው የሰጡኝ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፣ «ተከትባለች» ይላል፣ በቃ። ቀን የለው፣ የክትባቱ ስም የለው፣ ማኅተም የለው። ከዚያ አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ኳሱን እያባረረ በራችን ላይ ሲሮጥ ተረከዙን ነከሰችው። ትንሽ ጭረት ናት፣ ግን በእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ የለም፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። እናቱ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጠበችው (አንተም ይህን እንዳትረሳ)። ልጁም ሐኪም ቤት ሄዶ ክትባቱን ጀመረ። ወጪው በእኔ ነው፣ ይገባኛል።

የውሻዋን ጉዳይ ይዤ አንድ ቢሮ ገባሁ። ሰውዬው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄ የክትባት ማስረጃ ነው ወይስ የሱቅ ዱቤ?» አለኝ። ከዚያ ሳያፍር «ግደሏትና ጭንቅላቷን አምጡ፣ ይመርመር» አለ። ጤነኛ ሆና ቤት የታሰረች ውሻ እኮ ናት! የነከሰ ጤነኛ ውሻ 10 ቀን ተለይቶ ታስሮ ይታያል፣ ሥርዓቱ እሱ ነው። ይህን ስለው «አንተ ነህ ሐኪሙ?» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ደግነቱ አንድ የእንስሳት ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ አያት፣ አስሬ ጠበቅኋት፣ ምንም አልሆነችም፣ ልጁም ደህና ነው። እኔ ግን እነዚያን ቀናት እንቅልፍ አልነበረኝም። ውሃ ጠጣች አልጠጣችም እያልኩ በየሰዓቱ ሳፈጥባት ነበር።

ስለዚህ ካርዱ ላይ የክትባቱ ስም፣ ባች ቁጥሩ (የክትባቱ የምርት መለያ ቁጥር)፣ የተከተበችበት ቀን፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ይኑር። ከሦስት ወር በታች ከሆነች ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ ክትባት ትከተብ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይታደስ።

4. ጉዞው 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ አውቶቡስ አይጭንህም፣ የምታውቀውን የአይሱዙ ሹፌር ለምነው። ብርዱን ደግሞ አትናቀው። የታኅሣሥ ውርጭ ለአዲስ አበባ ቡችላ ሌላ ነገር ነው። ቤቷን ከመሬት ከፍ አድርገህ ሥራ፣ ጭድ አንጥፍላት፣ ብርድ ልብስ እርጥበት ይይዛል። ሥጋ ቤት «ለውሻ» ብለው የሚሰጡህን የበግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጣት። ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ከሆነ ጭራሽ ቅበረው፣ ከእሱ የሚመጣው ትል በእሷ በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። የትል መድኃኒትም አትርሳ።

ዛሬውኑ ደውልና ካርዱን ፎቶ አንስተው ይላኩልህ። ባች ቁጥሩ ካልታየህ እዚህ ለጥፈው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።