የጋራዥ ጋዝ ሂተር ጭስ በጣሪያ ሲወጣ፦ በዚህ ብርድ ይሠራል ወይስ ይቆይ?

ሰላም ወንድሜ። ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ሚኒሶታ ውስጥ ከቤትህ ጋር የተያያዘ፣ ሁለት መኪና የሚይዝ ጋራዥ አለህ። ባለ 45,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ) የተፈጥሮ ጋዝ ሂተር ከኮርኒሱ ላይ ሰቅለሃል። ጭሱን በ4 ኢንች ቧንቧ በጣሪያ ልታወጣ ነው። ጓደኛህ «ማንኛውም የላሜራ ቧንቧ ይበቃል» ብሎሃል፤ ጣሪያው ላይ በረዶ ስላለ ደግሞ እስከ ስፕሪንግ ልጠብቅ ወይ ትላለህ።

በዚህ ብርድም ይሠራል። የጓደኛህ ላሜራ ግን አይሆንም።

ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ጭሱ ነው፤ በሚኒሶታ ብርድ ቧንቧውን የሚገድለው ግን ውሃ ነው። ጋዝ ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል። ያንተ ሂተር ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ከሠራ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ቧንቧው ይልካል። ቧንቧው ትኩስ ከሆነ እንፋሎቱ እንዳለ ወደ ውጭ ይወጣል። የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ከ130 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ በታች ከወረደ ግን እዚያው ወደ ውሃነት ይመለሳል። ውሃው አሲድነት ስላለው ላሜራውን ይበላል፣ በመጋጠሚያዎች ይንጠባጠባል፣ ወደ ሂተሩ ተመልሶ የውስጥ ብረቱን ያዝገዋል። ከዚህም የከፋው፣ የቀዘቀዘ ጭስ ወደ ላይ የመውጣት አቅሙ ስለሚዳከም ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጋራዡ ሊመለስ ይችላል። ነጠላ ላሜራ ቀዝቃዛ አቲክ (በኮርኒሱና በጣሪያው መሃል ያለው ባዶ ቦታ) ውስጥ ሲያልፍ ይህ ሁሉ አይቀሬ ነው፤ የግንባታ ደንቡም (ኮዱ) በአቲክ እንዲያልፍ አይፈቅድም። የልብስ ማድረቂያ ቧንቧማ ጭራሽ አይታሰብ።

የምትገዛው ቢ-ቬንት የሚባለውን ነው፦ ውስጡ አልሙኒየም፣ ውጭው ጋልቫናይዝድ፣ በመሃል አየር ያለበት ድርብ ቧንቧ። ውስጡ ቶሎ ይሞቃል፣ ሙቀቱንም ይይዛል። ከእንጨት 1 ኢንች ብቻ መራቅ ይበቃዋል፤ ነጠላ ላሜራ 6 ኢንች ይፈልጋል። ጋራዡ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከኮርኒሱ በላይ ብቻ ሳይሆን ከሂተሩ አንገት ጀምሮ ቢ-ቬንት አድርገው። ብሎን ስታስር የውስጠኛውን ግድግዳ እንዳትበሳ። የሂተሩ አንገት ነጠላ ላሜራ ስለሆነ ከድርቡ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ዝጋው።

ከመግዛትህ በፊት ግን የሂተሩን ማኑዋል ክፈት። አብዛኞቹ የጋራዥ ሂተሮች ጭስ የሚገፋ ትንሽ ፋን አላቸው። ብዙዎቹ በሁለት መንገድ ተፈቅደዋል፦ ቀጥ ብሎ በጣሪያ ሲወጣ ካታጎሪ 1 ተብሎ በቢ-ቬንት፣ በግድግዳ ሲወጣ ካታጎሪ 3 ተብሎ ለዚያ በተሠራ፣ መጋጠሚያው አየር በማያስወጣ የስቴንለስ ቧንቧ። ሁለቱን መቀላቀል አደገኛ ነው። የቢ-ቬንት መጋጠሚያ ግፊት አይችልም፤ በግድግዳ ካወጣኸው ፋኑ ጭሱን በየመጋጠሚያው ወደ ጋራዡ ይገፋዋል። የቧንቧውንም ስፋት ማኑዋሉ ይወስን። «ሰፋ ቢል ይሻላል» ብሎ 5 ወይም 6 ኢንች ማድረግ ቧንቧው እንዳይሞቅ ማድረግ ነው።

አቀማመጡ ላይ ጊዜህን አጥፋ፤ ሥራው የሚቀለው ወይም የሚከብደው እዚህ ነው። የኮርኒሱ ትረሶች (ጣሪያውን የሚሸከሙት የእንጨት ማዕቀፎች) አብዛኛውን ጊዜ በ24 ኢንች ርቀት ነው የሚቆሙት፤ ትረስ ደግሞ በፍጹም አይቆረጥም። አቲክ ወጥተህ የሁለት ትረስ መሃል ፈልግ፣ ከጣሪያው እንጨት ላይ ቱንቢ ጣል፣ ቧንቧው ቀጥ ብሎ የሚያልፍበትን ነጥብ ኮርኒሱ ላይ ምልክት አድርግ፣ አስፈላጊ ከሆነ ሂተሩን አንቀሳቅሰው። ሂተሩን 10 ኢንች መግፋት አቲክ ውስጥ ሁለት የ45 ዲግሪ ክርን ከመጨመር ይሻላል፤ እያንዳንዱ ክርን ጭሱን ያዘገየዋል። ጭሱ ከሂተሩ ጀርባ በአግድም የሚወጣ ከሆነ አግድሙን አሳጥረው፤ በየ1 ጫማው ሩብ ኢንች ወደ ላይ ይውጣ፣ ርዝመቱም ከቁመቱ 75 ከመቶ አይለፍ። ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) አስገባና የታችኛውን አፍ በክዳን ዝጋው። ውሃ ቢመጣ እዚያ ይጠራቀማል፤ ክዳኑን ከፍተህም ታየዋለህ።

የኮርኒሱ ቀዳዳ ከቧንቧው የውጭ ስፋት በየጎኑ 1 ኢንች ይብለጥ። እዚያ ላይ ፋየርስቶፕ የሚባለው ላሜራ ይገባል፤ አቲክ ውስጥ ደግሞ ኢንሱሌሽኑ ቧንቧውን እንዳይነካ ዙሪያውን የላሜራ መከለያ ይቆማል። የፋየርስቶፑን ዙሪያ ሙቀትና እሳት በሚችል ማሸጊያ ዝጋ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ሞቃት የጋራዥ አየር በዚያ ክፍተት ወደ አቲክ ይወጣና በጣሪያው ምስማሮች ላይ ውርጭ ይሠራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ያ ውርጭ ቀልጦ ኮርኒሱን ያበላሻል።

ቁመቱን በተመለከተ፦ የቧንቧው ጫፍ ከሂተሩ አንገት ቢያንስ 5 ጫማ ከፍ ይበል። ከጣሪያው በላይ፣ ተዳፋቱ እስከ 6 በ12 (በ12 ኢንች አግድም 6 ኢንች ከፍታ) ከሆነና ቀጥ ያለ ግድግዳ በ8 ጫማ ውስጥ ከሌለ፣ ትንሹ 1 ጫማ ነው። ያንተ ጋራዥ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሁለተኛው ፎቅ ግድግዳ ቅርብ ከሆነ ሕጉ ይለወጣል፤ በ10 ጫማ ውስጥ ካለው ማንኛውም የሕንፃ ክፍል 2 ጫማ በላይ መውጣት አለበት። ረጅም ቧንቧ ውጭ ሲቆም ደግሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቦታውን ከግድግዳው ከ8 ጫማ በላይ አርቀህ ምረጥ። የበረዶውን ክምችት አስበህ 1 ጫማውን ወደ 2 ጫማ ብታደርሰው ደግ ነው። ከጣሪያው ጫፍ ይልቅ ወደ አናቱ ይጠጋ፤ የሚንሸራተት በረዶ ቧንቧ ገንጥሎ የሚወስደው ወደ ታች በኩል ነው።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ። ሺንግል (የጣሪያው የአስፋልት ንጣፍ) በውርጭ ጊዜ ይሰባበራል፤ ሲነሳ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። በፀሐይ ሙቀት የተጣበቀበት ማጣበቂያም ከ40 ዲግሪ በታች መልሶ አይያዝም። ስለዚህ ነፋስ የሌለበት ፀሐያማ ቀን ጠብቅ፣ በረዶውን በብረት አካፋ ሳይሆን በመጥረጊያ አንሳ፣ በገመድና በሃርነስ ታሰር። ተለዋጭ ሺንግሉን፣ የጣሪያ ሬንጁንና ሲሊኮኑን ሌሊቱን ቤት ውስጥ አሳድራቸው። ተዳፋት ጣሪያ ላይ ቀዳዳው ክብ ሳይሆን ሞላላ እንደሚሆን አትርሳ። የፍላሺንጉ (ቧንቧው በጣሪያው የሚያልፍበት ቦታ ውሃ እንዳያስገባ የሚሸፍነው ላሜራ) የላይኛው ግማሽ ከሺንግሉ ሥር፣ የታችኛው ግማሽ ከሺንግሉ በላይ ይሁን፤ ውሃ የሚያስገባው ይህ ሲገለበጥ ነው። ያነሳኸውን እያንዳንዱን ሺንግል ሥሩ ላይ የኳርተር (የአሜሪካ 25 ሳንቲም ገንዘብ) ስፋት ያህል ሬንጅ ነጥብ አድርገህ በእጅህ ተጫነው። ከፍላሺንጉ በላይ ስቶርም ኮላሩን (ቧንቧውን የሚከበውን የዝናብ መከላከያ ቀለበት) አጥብቀህ የላይኛውን ዙሪያ በሲሊኮን ዝጋ፤ ብረቱ ላይ ግን ውርጭ ካለ አይዝም፣ መጀመሪያ አድርቀው። የቧንቧው አናት ክዳን (ካፑ) ለቢ-ቬንት የተሠራው ይሁን።

ቴርሞስታቱን 40 ላይ አድርጎ ማቆየት ጋዝ የሚቆጥብ ይመስላል። አንዳንድ አምራቾች ግን ከ50 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ሂተሩን ዘወትር ማሠራትን ይከለክላሉ፤ ቀዝቃዛ አየር የሂተሩን የውስጥ ብረት ስለሚያቀዘቅዘው ውሃው እዚያው ይጀምራል። ለትንሽ ጋራዥ በጣም ትልቅ ሂተር መግዛትም እንደዚሁ ነው፤ በርቶ ቶሎ ስለሚጠፋ ቧንቧው መቼም አይሞቅም።

በኋላ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካየህ ሬንጅ ይዘህ ጣሪያ ላይ አትሩጥ፤ መጀመሪያ የሚንጠባጠብበትን ሰዓት ልብ በል። ሂተሩ ሲሠራ ብቻ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ የሚጤዝ ውሃ ነው። በረዶ ሲቀልጥ ከሆነ ፍላሺንጉን ወይም የአቲኩን ውርጭ ጠርጥር።

ሥራው እንዳለቀ የጋዙን መጋጠሚያዎች በሳሙና ውሃ ፈትሽ፣ ሂተሩን 20 ደቂቃ አሠራውና ቁጥር በሚያሳይ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ በቧንቧው ዙሪያና ወደ ቤት በሚያስገባው በር አጠገብ ለካ። ይህ ጋዝ አገር ቤት በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው የተኙትን የሚገድለው ያው ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። የሚኒሶታ ሕግ ከየመኝታ ክፍሉ በ10 ጫማ ውስጥ ማንቂያ እንዲኖር ያስገድዳል፤ ከሌለህ ሂተሩን ከማብራትህ በፊት ግዛ። ጋራዡ ሞቀ ተብሎ በር ዘግቶ በከሰል ቡና ማፍላትም ይቅር፤ ያንን የጭስ ቧንቧው አያወጣውም። ማንቂያው ከጮኸ ሁሉም ሰው ውጭ ይውጣ፣ 911 ይደወል።

የከተማውን ፈቃድ አውጣ፤ ኢንስፔክተሩ መጥቶ እስኪያይ የፋየርስቶፑን አካባቢ በኢንሱሌሽን አትሸፍን። የሂተሩን ሞዴል፣ የጣሪያውን ተዳፋትና ከኮርኒሱ እስከ ጣሪያው ያለውን ቁመት እዚህ ብትጽፍ የምትገዛቸውን የቧንቧ ቁራጮች ብዛት አብረን እናሰላለን።