«ማን አምጡ አላችሁ?»

እህቴ፣ «ሱቃችን ውስጥ ለሕፃናት ሆስፒታል የእርዳታ ሣጥን ልናስቀምጥ ነው፣ ልምድ ያላችሁ ምከሩን» ያልሽውን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ፀጉር ቤት አለኝ፤ ሣጥናችን መስታወቱ ሥር ከተቀመጠ 9 ዓመት አልፎታል። ፎቶ ለጥፉ፣ ማስታወቂያ ሥሩ የሚለውን ሌሎቹ ነግረውሻል፤ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. ገንዘቡን ከሱቁ ሒሳብ ጋር እንዳትቀላቅዪ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት «ኋላ እለየዋለሁ» እያልኩ ከዕለቱ ገቢ ጋር ባንክ አስገባሁት። ግብር ሲመጣ ሁሉም የኔ ገቢ ሆኖ ቁጭ። የግብር ቢሮው ሠራተኛ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ «አንተ» እያለ «የእርዳታ ለመሆኑ ማስረጃህ የታለ?» አለኝ። ማስረጃዬ በእርሳስ የተጻፈ ደብተር ነበር። ከኪሴ ከፈልኩ። አሁን ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ የቆየ ደንበኛችን ጋ። አብረን ከፍተን፣ ቆጥረን፣ ሁለታችንም እንፈርማለን፤ በዚያው ቀን ለብቻው በተከፈተው ሒሳብ ይገባል። የባንኩን ደረሰኝ መስታወቱ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ደንበኛው እየተቆረጠ ያነበዋል። አንድም ቀን «ብሩ የት ገባ?» ተብዬ አላውቅም።

2. ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ጠይቂ። ዳይሬክተሩን ግን አይደለም! እኛ የሦስት ዓመቱን ገንዘብ ሰብስበን ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ገዛን፣ ያንን ከአየር ላይ ናይትሮጅኑን እያስቀረ ኦክስጅን የሚሰጠውን ማሽን። ዳይሬክተሩ በስልክ «ደስ ይለናል» ብሎናል። ቀይ ሪባን አስረን፣ ለብሰን፣ ሠራተኞቼን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ሰላምታችንን እንኳ ሳይመልስ ማሽኑን ዞሮ አየውና «ማን አምጡ አላችሁ?» አለን። የሰረቅነውን ልንሸጥለት የመጣን ነው የመሰልነው።

ከስድስት ወር በኋላ ብሄድ ማሽኑ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ሪባኑ እንኳ አልተፈታም። ያስረዳችኝ አንዲት ነርስ ናት። አዲስ የተወለደ ሕፃን በደቂቃ ከ0.5 እስከ 1 ሊትር ገደማ ነው የሚሰጠው፣ አፍንጫው ውስጥ የሚገባው ቱቦም በሱ ልክ መሆን አለበት። የኛ ማሽን የመጣው ከአዋቂ ቱቦ ጋር ነው፤ መለዋወጫ ማጣሪያ የለው፣ ዓይነቱን የሚያውቅ ጠጋኝ የለው። በኋላ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በታዳጊ አገሮች በእርዳታ ከሚገባው የሕክምና መሣሪያ ሥራ የሚጀምረው ከ10 እስከ 30 በመቶው ብቻ መሆኑን ጽፏል። ሰውዬው ልክ ነበር ማለት ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ስለዚህ የክፍሉን ነርስና የባዮሜዲካል ባለሙያውን፣ ማለትም የሕክምና መሣሪያዎቹን የሚጠግነውን፣ አግኚ፣ የሚጎድላቸውን ከነዓይነቱና ከነመጠኑ በጽሑፍ ተቀበዪ፣ ማኅተም ይኑረው። ፀጉራም አሻንጉሊትም ተዪው፤ ጀርም ይይዛል ብለው ወደ ክፍል አያስገቡትም። (ሁለት ጆንያ ሙሉ መልሼ ተሸክሜያለሁ።)

3. ፎቶ መነሣት እንዳያምርሽ። ባለፈው ዓመት በነርሷ ዝርዝር መሠረት የሕፃናት ቱቦና ማጣሪያ ብቻ በካርቶን ይዘን ሄድን፣ ሪባን የለ ምን የለ። ያው ሰውዬ ነው የተቀበለን። አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ፈረመ። ሰላምታ ያኔም የለም፤ የደረሰኙን ቅጂ ግን ሳልጠይቀው ሰጠኝ።