መልስ፦ የኮሌጅ ኳርተርባክ (በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ) በምን ይመዘናል?

ሰላም ወንድሜ፣ «ከድራፍቱ (ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ ከሚመርጡበት) በፊት የክንዱን ጉልበት ልይ ወይስ ቁጥሩን?» ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ ከሁለቱም በፊት የማየው ጫና ሲበዛበት የሚያደርገውን ነው።

ከድራፍቱ በፊት ኢንዲያናፖሊስ በሚደረገው፣ ተጫዋቾች በሩጫ፣ በውርወራና በአካል ልኬት በሚመዘኑበት የኮምባይን ፈተና ላይ ኳርተርባኩን የሚያሳድድ ተከላካይ የለም። ጃማርከስ ራስል በክንዱ ጉልበት ሁሉን አስደምሞ በ2007 አንደኛ ተመረጠ፤ በፕሮፌሽናል ሊጉ በኤንኤፍኤል ውስጥ የተጫወተው ግን ሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ነው።

ስለዚህ የሦስተኛ ሙከራ (ቡድኑ 10 ያርድ ለመግፋት ካሉት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው) ቪዲዮዎችን ፈልግ። ስምንት ያርድ ሲቀረውና ተከላካዮች መስመሩን ጥሰው ሲመጡበት ዓይኑ ወዴት ይሄዳል? የሚመጣበትን ሰው ማየት ከጀመረ ያሰጋል። ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል ግማሽ እርምጃ ወደፊት ገባ ብሎ ኳሱን በጊዜ ከለቀቀ ግን ያን ልጅ ያዘው! ጫና ከደረሰበት ስንቱ ላይ ኳሱን እንደያዘ እንደሚጣልም ቁጠር። ይህ ልማድ ወደ ኤንኤፍኤልም አብሮት ይሻገራል።

የተሳካ ቅብብል በመቶኛ ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ጆሽ አለን ዋዮሚንግ እያለ 56 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ በ2018 ሰባተኛ ተመርጦ ግን ከሊጉ ምርጥ ኳርተርባኮች አንዱ ሆኗል። ቢሆንም እንደ እሱ የሚሻሻል ብርቅ ነው፤ በዚያ ተስፋ ልጅ ምረጥ አልልህም። ልምድንም አትናቅ፦ ብሮክ ፐርዲ አይዋ ስቴት ላይ አራት ዓመት ተሰልፎ በ2022 የመጨረሻው፣ 262ኛው ተመራጭ ነበር፤ ቡድኑን ግን ለሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ለሱፐር ቦውል አብቅቷል።

የእጅ መዳፍ ልኬት? የኤንኤፍኤሉ ኮከብ ኳርተርባክ የጆ ባሮው 9 ኢንች ብቻ ነው፤ እሱን እለፈው።