መልስ፦ ጃንሆይን ሐረር ላይ እንዴት ላስተምር?

ወንድሜ፣ «ግማሹ ተማሪዬ ጃንሆይን ያወድሳል፣ ግማሹ ስማቸው ሲነሳ ፊቱን ያጠቁራል፣ ምን ላድርግ?» ላልከው፣ እኔ ብሆን ከአዲስ አበባ አልጀምርም። ከሰፈራችን ነው የምጀምረው። ጃንሆይ (አፄ ኃይለ ሥላሴ) የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. እዚሁ ሐረርጌ፣ እጀርሳ ጎሮ ነው። አባታቸው ራስ መኮንን ደግሞ ምኒልክ በ1879 ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ የተሾሙ ገዥ ናቸው። እዚህ ላይ ብቻ አንዱ ልጅ ክብር፣ ሌላው ሽንፈት ይሰማል። ሁለቱንም አትሸፍንባቸው።

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ የራስ ተፈሪ ቤት (ተፈሪ የጃንሆይ የቀድሞ ስም ነው) ወደሚባለው ሙዚየም ውሰዳቸው። በሩ ላይ ያለውን የሕንድ አሠራር የእንጨት ቅርጽ ቀረብ ብለው ይዩት፣ ውስጥ ደግሞ የተሰበሰቡትን ጥንታዊ ቁርኣኖች። የንጉሥ ስም ያለበት ቤት የሐረሪን ቅርስ ይዟል፣ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ከየት ታመጣለህ? ከዚያ በ2012 ሁከት የፈረሰው የራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት ወደነበረበት ሂዱና ማን አቆመው፣ ማን አፈረሰው፣ ለምን ብለህ ጠይቃቸው። ቶሎ አትመልስላቸው!

የ1928ቱን የጄኔቫ ንግግርና የ1955ቱን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ መጽሐፉ ይነግራቸዋል። አንተ ግን በ1940 የጃንሆይን አገዛዝ በተቃወመው የኩሉብ እንቅስቃሴ የታሰሩትን ሐረሪዎችና የ1965ቱን የወሎ ረሃብ አብረህ አንሳ። የቤት ሥራውም ከቤተሰብ ሽማግሌ አንድ ትዝታ ጽፎ ማምጣት ይሁን። ስታርም ማስረጃውን እይ እንጂ ወገኑን አትይ፣ ተማሪዎቹም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ይወቁት።